ግሬይ ዋልተርና ሁለቱ ሰው ሠራሽ ኤሊዎች



በመጽሔታችን ላይ በየዓመቱ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ነገሥታት፣ ስለ አርበኞችና ስለ ደራስያን ነው። እኔ ግን ለዘንድሮው እትም የመረጥሁት ሁለት ኤሊዎች የሠራ አንድ የአንጎል ሊቅ ነው። ኤሊ ስል በእኛ በስምጥ ሸለቆ ቁጥቋጦ ሥር የምትገኘውን፣ ልጆች በእንጨት እየነካኩ አንገቷን የሚያስከትቷትን ማለቴ አይደለም። ባትሪና ሞተር ያላት፣ ብርሃን እየፈለገች የምትሄድ፣ ሲርባት ወደ ቤቷ የምትመለስ ሰው ሠራሽ ኤሊ ማለቴ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ዊሊያም ግሬይ ዋልተር የተወለደው በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1910 በአሜሪካ አገር በካንሳስ ሲቲ ከተማ ነው። አባቱ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ፣ እናቱም አሜሪካዊት ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ በ1915 ወላጆቹ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰዱትና በዚያው አደገ። በመጀመሪያ በለንደን በዌስትሚኒስተር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኬምብሪጅ ዩኒቨርስቲ በኪንግስ ኮሌጅ ተማረ። በኬምብሪጅ በተመራማሪነት ለመቆየት ቢመኝም ቦታውን ሳያገኝ ቀረ። ስለዚህም ወደ ለንደን ሄዶ ከሐኪሞች ጋር በሆስፒታል መሥራት ጀመረ። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ቦታ መቅረቱ በጀው፤ በመጻሕፍት መካከል ቢቀመጥ ኖሮ ብየዳና ሽቦ የለመደ እጁ ሥራ ፈት በሆነ ነበር።

በዚያን ዘመን ሐንስ በርገር የተባለ በጀርመን አገር በዬና ከተማ የሚኖር ሐኪም፣ የሰው አንጎል ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ እንደሚያወጣና ሞገዱም የራስ ቅል ሳይከፈት ከቆዳ ላይ ሊለካ እንደሚችል በ1929 አስታውቆ ነበር። ብዙዎች አላመኑትም። ዋልተር ግን ወደ ዬና ሄዶ መሣሪያውን በዓይኑ አየ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ ከዚያ የተሻለ ሠራ። በ1936 በአንጎል ዕጢ የሚሠቃዩ ሕሙማንን ሲመረምር፣ በዕጢው አካባቢ ያለው የአንጎል ክፍል ከሌላው ይልቅ ቀርፋፋ ሞገድ እንደሚሰጥ አገኘ። ይህን ሞገድ ዴልታ ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው ሐኪም ዕጢው በየት በኩል እንዳለ ቢላዋውን ሳያነሣ ሊገምት ቻለ። በ1939 ወደ ብሪስቶል ከተማ ወደ በርደን የነርቭ ምርምር ተቋም ተዛወረ፤ በዚያም እስከ 1970 ድረስ ሠራ።

እንግዲህ አንድ ሰው ዕድሜውን የአንጎልን ሞገድ ሲለካ ቢኖር በመጨረሻ የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው። በአንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ ዛሬ ይገመታል። ከእነርሱ አንዱ ብቻውን አያስብም፤ አይርበውም፤ አይፈራምም። ታዲያ ማሰብና መፍራት ከየት ይመጣሉ?

ለዚህ ጥያቄ አዲስ በር የከፈተው ሳይበርኔቲክስ የተባለው ትምህርት ነው። ስሙ የወጣው የመርከብ መሪ ያዥ ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ስያሜውን በመጽሐፉ ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር በ1948 ነው። እኛ ባሕር የሌለን ሰዎች ግን ነገሩን ከመርከብ ይልቅ ከእርሻ ብንማረው ይቀለናል። ገበሬ እርፉን ጨብጦ ሲያርስ ዓይኑ ከፈሩ አይለይም። ፈሩ ወደ ግራ ሲያዘነብል እጁ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል፤ መልሶም ያያል፤ እንደገናም ያርመዋል። የሥራው ውጤት ተመልሶ ሥራውን ይመራዋል። ሳይበርኔቲክስ የሚያጠናው ይህን ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው፤ በእንስሳም ይሁን በመኪና ውስጥ ቢገኝ ግድ የለውም።

ለአዳማ ልጆች ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። ከከተማችን ዳር በኮረብቶቹ ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች ያላየ የለም። በ2012 ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 34፣ በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሏቸው። በእያንዳንዱ ራስ ላይ የነፋሱን አቅጣጫ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ነፋሱ ሲዞር ሞተሩ ያንን ሁሉ ቶን ብረት ያዞረውና ፊቱን ወደ ነፋሱ ይመልሳል። ሰው ወጥቶ አያዞረውም። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞረው ሳያቸው ከብቶች ዝናብ ሲመጣ ጀርባቸውን እንደሚሰጡ ይመስሉኛል።

በ1949 በለንደን ሬሺዮ ክለብ የሚባል ትንሽ ማኅበር ተቋቋመ። ወጣት የነርቭ ሐኪሞች፣ የሒሳብ ሰዎችና መሐንዲሶች እየተሰበሰቡ ስለ አንጎልና ስለ መኪና ይከራከሩበት ነበር። ዋልተር ከአባላቱ አንዱ ነው፤ አለን ቱሪንግና ሮስ አሽቢም አብረውት ነበሩ። አሽቢ በ1948 ሆሚዮስታት የተባለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ይኸውም ቢነኩትም ቢያናውጡትም ራሱን ወደ ሚዛኑ የሚመልስ ነው። ዋልተር ቀልድ ይወድ ስለ ነበር ይህን መሣሪያ እሳት ዳር ተኝቶ ካልነኩት በቀር ከማይነቃነቅ ድመት ጋር አመሳሰለው። እርሱ የፈለገው ተነሥቶ የሚሄድ፣ ፍላጎት ያለው የሚመስል ፍጥረት ነው።

ዋልተር ከሌሎቹ የተለየበት ነጥብ ይህ ነው። አንጎልን ለመምሰል ብዙ ሺህ ክፍል ያለው ግዙፍ መኪና ያስፈልጋል ብለው የሚያስቡ ነበሩ። ዋልተር ግን ከቁጥሩ ይልቅ መገናኘቱ ይበልጣል አለ። ይህን በሒሳብ ለመረዳት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሁለት ሕዋሳት ቢኖሩና እያንዳንዱ ወደ ሌላው መልእክት መላክ ወይም አለመላክ ቢችል፣ በመካከላቸው ያሉት መንገዶች 2፣ ሊኖሩ የሚችሉት የአገናኝ ዓይነቶች 4 ናቸው። ሕዋሳቱ ሦስት ቢሆኑ መንገዶቹ 6፣ ዓይነቶቹ 64 ይሆናሉ። ስድስት ሲደርሱ መንገዶቹ 30፣ ዓይነቶቹም 1,073,741,824 ይሆናሉ። ከስድስት ሕዋሳት ከአንድ ቢሊዮን በላይ! እንግዲያው በጥቂቱ ጀምሮ ምን ያህል እንደሚሄድ ማየት ሞኝነት አይደለም።

በ1948 እና በ1949 ዋልተር ኤልመርና ኤልሲ የተባሉትን ሁለት ኤሊዎች ሠራ። ሚስቱ ቪቪያን ዳቪም ረዳችው። የሠራቸው ከውድ ዕቃ አይደለም፤ ከጦርነቱ ከተረፉ ቁሳቁሶችና ከአሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት ጥርሶች ነው። በእያንዳንዷ ውስጥ በድሮ ራዲዮ ውስጥ የምናየው ዓይነት የመስታወት ቫልቭ ሁለት ብቻ ነበር፤ እነርሱም የሁለት ነርቭ ሕዋሳት ምትክ ናቸው። ሁለት ሪሌይ፣ ሁለት ሞተር፣ አንድ ባትሪ፣ ብርሃን የሚለይ አንድ ዓይን፣ ሲነካ ማብሪያ የሚዘጋ ቅርፊት፣ ሦስት ጎማዎች፤ ይኸው ነው። ለዝርያቸውም በላቲን ማኪና ስፔኩላትሪክስ የሚል የሳይንስ ስም አወጣላቸው። (በነገራችን ላይ መኪና የምንለው የእኛ ቃል በጣሊያንኛ በኩል ከዚሁ ከላቲኑ ቃል የመጣ ነው፤ ስለዚህ ኤሊዋ በስሟ ለእኛም ሩቅ ዘመድ ናት።)

አሠራሯ እንዲህ ነው። ዓይኗ ከፊተኛው ጎማ መሪ ጋር ታስሯል፤ ጎማው ወደ ዞረበት ዓይኗም ይዞራል። ብርሃን ካላየች መሪው ያለማቋረጥ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ሌሊት መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ዙሪያውን እያየች ጠመዝማዛ ትሄዳለች። መጠነኛ ብርሃን ሲነካት የመሪው ሞተር ይቆምና ወደ ብርሃኑ ታመራለች። ብርሃኑ እጅግ ሲበረታ ግን ሁለተኛው ቫልቭ ሥራውን ይጀምርና መሪው ይዞራል፤ ያን ጊዜ ትሸሻለች። ቅርፊቷ ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ደግሞ ሁለቱ ቫልቮች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ያወዛውዟታል፤ ትገፋለች፣ ትዞራለች፣ ትገፋለች፣ ትዞራለች፤ እንቅፋቱን እስክታልፍ ድረስ ብርሃን ቢያበሩላትም አታይም።

ሁለት መብራቶች በእኩል ርቀት ቢቀመጡላት እንደ ተረቱ አህያ በሁለት ክምር ድርቆሽ መካከል ቆማ አትሞትም። ዓይኗ እየዞረ ስለሚያይ አንዱ ቀድሞ ያገኛታል፤ ወደ እርሱ ትሄዳለች፤ ሲበረታባት ትተወዋለች፤ ወደ ሁለተኛው ትሄዳለች። የሚመለከት ሰው የምትመርጥ ይመስለዋል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ግን ረኃቧ ነው። ዋልተር በቤቷ ውስጥ ደማቅ መብራትና ባትሪ መሙያ አደረገላት። ባትሪዋ ሙሉ ሲሆን ያ መብራት ይበረታባትና ወደ ቤቷ አትገባም። ባትሪዋ እየደከመ ሲሄድ ግን ቫልቮቿም አብረው ይደክማሉ፤ ያው መብራት አሁን ልከኛ ሆኖ ይታያታል፤ ስለዚህ ቀጥ ብላ ትገባና ትሞላለች። ስትጠግብ መብራቱ እንደገና ያስመርራታልና ትወጣለች። ልብ በሉ፤ በውስጧ ረኃብ የሚባል ክፍል የለም። ብትፈቷት አታገኙትም። ረኃቡ የተወለደው ከባትሪው መድከም፣ ከቫልቩና ከመብራቱ መገናኘት ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ሊቃውንቱ ኢመርጀንስ ይሉታል። ከክፍሎቹ በአንዱም ውስጥ የሌለ፣ ክፍሎቹ ሲገናኙ ግን ብቅ የሚል ጠባይ ማለት ነው። በእኛም አገር ይህን የሚያስተምር አለ፤ ከሞጆ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ የሚሄድ ሰው በሜዳው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ያያል። ምስጡ ግንበኛ አለቃ የለውም፤ ፕላን የያዘም የለም። እያንዳንዱ ምስጥ የሚያውቀው ጭቃ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ጭቃ መጨመርን ብቻ ነው፤ የአየር መተላለፊያ ያለው ቤት ግን ይቆማል።

ባለፈው ክረምት እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ የዋልተርን ኤሊ ታናሽ እኅት ለመሥራት ተነሣን። ከተሰበረ የካሴት ማጫወቻ ሁለት ሞተሮች አወጣን፤ ሁለት ብርሃን ለይና ሁለት ትራንዚስተር ከራዲዮ ጠጋኝ ገዛን፤ የግራው ዓይን የቀኙን ሞተር፣ የቀኙ ዓይን የግራውን እንዲነዳ አድርገን አቆራረጥናቸው። ቅርፊቱ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ነው። የእኛዋ ረኃብ አታውቅም፤ ብርሃንን መከተል ብቻ ነው የምትችለው። ማታ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ስንለቃት እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና ይህ ነገር ምን ፈልጎ እንደሚንከራተት ጠየቀችኝ። ምን ተሠርቶ ነው አላለችም፤ ምን ፈልጎ ነው አለች። ታናሽ እኅቴ ደግሞ የእጅ ባትሪ ይዛ ወዲያና ወዲህ ትመራት ጀመር፤ ኤሊዋ ስትዘገይ እርሷ ትቀርባለች፣ ኤሊዋ ስትፈጥን እርሷ ትሮጣለች። ማን ማንን እንደሚመራ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ሁለቱ አብረው ዞሩ። በዚያች ሌሊት ከዋልተር ገጾች ያልገባኝ ነገር ገባኝ።

ዋልተር ያልጠበቀው ነገር ደርሶበት ነበርና። መሪው ሲዞር የሚበራ፣ ብርሃን ሲገኝ የሚጠፋ ትንሽ መብራት በኤሊዋ ግንባር ላይ አድርጎ ነበር፤ ይህም የመሪውን ሁኔታ ከውጭ ለማወቅ ነው። አንድ ጊዜ ኤሊዋ በመስተዋት ፊት አለፈች። የራሷን መብራት አይታ ቀረበች፤ ብርሃን ስላገኘች መብራቷ ጠፋ፤ መብራቱ ስለ ጠፋ ብርሃኑን አጣች፤ መሪው ሲዞር መብራቷ እንደገና በራ። እየበራች እየጠፋች በመስተዋቱ ፊት እስክስታ የምትመታ መሰለች። ሁለቱን ኤሊዎች ፊት ለፊት ሲያደርጓቸውም አንዷ የሌላዋን መብራት እያየች ሌላ ዓይነት ጭፈራ ሆነ። ዋልተር ይህን ያደረገ እንስሳ ቢሆን ኖሮ ራሱን ያውቃል ተብሎ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር ይችል እንደ ነበር ጻፈ። እኔ በበኩሌ ኤሊዋ ራሷን ታውቃለች አልልም። ነገር ግን አንድን ነገር ያውቃል፣ ይፈልጋል፣ ይፈራል ስንል ፍርዳችን ምን ያህል ከተመልካቹ ዘንድ እንደሚመጣ አሳይታናለች። እንደ እናቴ ሁሉ እኛም ፈላጊውን ከማየታችን በፊት ፍላጎቱን እናያለን።

በ1951 በለንደን በተደረገው የብሪታንያ ፌስቲቫል ኤሊዎቹ ለሕዝብ ታዩ። በበርደን ተቋም የሚሠራው ባኒ ዋረን የተባለ ቴክኒሻን ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ የሚተማመኑባቸውን ሌሎች ስድስት ሠርቶ ነበር። በዚያው ዓመት ገደማ ዋልተር በፓቭሎቭ ውሻ አምሳል ፉጨትን ከብርሃን ጋር ማያያዝ የሚማር ኮራ የተባለ መሣሪያም ጨመረ፤ በ1953 ሕያው አንጎል የሚለውን መጽሐፉን አሳተመ።

አሁን ወደ ሥነ ጥበብ እሻገራለሁ፤ ምክንያቱም ከእኅቴ ጭፈራ እስከዚያ ያለው መንገድ አጭር ነው። ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ብንስቅም ብናለቅስም አይለወጥም። በኤሊዎቹ ዘመን ግን ተመልካቹን አይቶ የሚመልስ የጥበብ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል የተረዱ ሰዎች ተነሡ። እንግሊዛዊው ጎርደን ፓስክ በ1953 ሙዚካለር የተባለ መሣሪያ ሠራ፤ ሙዚቀኛው ሲጫወት መሣሪያው በቀለም ብርሃን ይመልስለታል። ሙዚቀኛው አንዱን ዜማ ደጋግሞ ሲያሰለቸው ግን መሣሪያው መመለሱን ይተዋል፤ ስለዚህ ሙዚቀኛው አዲስ ነገር ለመፈለግ ይገደዳል። በ1956 በፈረንሳይ አገር ኒኮላስ ሾፈር ሲስፕ አንድ የተባለውን፣ ድምፅና ብርሃን ሲነካው የሚንቀሳቀስ ቅርጽ ሠራ፤ በማርሴይም በአንድ ትልቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ከሞሪስ ቤዣር ተወዛዋዦች ጋር አብሮ ጨፈረ። በ1970 ኤድዋርድ ኢህናቶቪች ሴንስተር የተባለውን ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ፍጥረት በሆላንድ በአይንድሆቨን ከተማ አቆመ። ለስላሳ ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ዘርግቶ ይቀርባል፤ ሲጮኹበት ይሸሻል። ሕጉ ከኤልሲ ሕግ ጋር አንድ ነው፤ መጠነኛውን ቅረብ፣ የበረታውን ሽሽ። ሕዝቡ ግን የሚያፍርና የሚጓጓ እንስሳ አየ።

እዚህ ላይ ይህ ጥበብ የፈረንጅ ብቻ ነው የሚል ካለ ከአዝማሪ ዘንድ ይሂድ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ያን ሌሊት የሚዘፍነውን ሁሉ ይዞ አይመጣም። እንግዳው ግጥም ይነግረዋል፤ እርሱ ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ቤቱ ሲስቅ እንግዳው ይበረታና የባሰውን ይነግረዋል፤ አዝማሪውም መልሶ ይወጋዋል። ሌሊቱ ሲያልቅ ዘፈኑን የደረሰው አዝማሪው ነው ወይስ እንግዳው? ሁለቱም አይደሉም፤ በመካከላቸው የተወለደ ነው። ፓስክ በቫልቭና በብርሃን ሊያደርግ የደከመበት ይኸው ነው። ለእኛ አዲሱ መኪናው እንጂ ጥበቡ አይደለም ብዬ ብናገር ማጋነን አይመስለኝም።

ዋልተር በኋለኛው ዘመኑ ወደ ሕሙማኑና ወደ ሞገዱ ተመለሰ። በ1964 ከባልደረቦቹ ጋር ሰው አንድን ምልክት ሲጠባበቅ በአንጎሉ ላይ የሚነሣውን የመጠባበቅ ሞገድ አገኘ፤ ይህም እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ይጠናል። በ1970 በስኩተር ሲሄድ አደጋ ደረሰበትና አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ። ዕድሜ ልኩን የሌሎችን አንጎል የመረመረ ሰው በዚያው በአንጎሉ ተመታ፤ የምርምር ሥራውም በዚህ አበቃ። በሜይ 6 ቀን 1977 በ67 ዓመቱ ዐረፈ።

በ1995 በብሪስቶል ኦወን ሆላንድ የተባለ ተመራማሪ የኤሊዎቹን አሠራር ከዋረን ጋር አጥንቶ ቅጂዎቻቸውን ሠራ፤ እነርሱም እንደ ጥንቶቹ ብርሃን ተከትለው ሄዱ። ከቀደሙት አንዷ በለንደን የሳይንስ ቤተ መዘክር፣ ሌላዋ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ትገኛለች። የእኛዋ ባለ ጎድጓዳ ሳህን ኤሊ ደግሞ አንደኛው ሞተሯ ተወስዶ በጓደኛዬ ቤት ማራገቢያ ሆኗል፤ ሁለተኛውን ሞተር ከማግኘታችን በፊት ረኃብ የሚያውቅ ባትሪ እናበጅላት ዘንድ እየተነጋገርን ነው።